የባዕድ አገር መምህራን በቶኪዮ የምሕንድስና ኮሌጅ

በ1873 በጁን ወር ከብሪታንያ የተነሣ አንድ አነስተኛ የመምህራን ቡድን ባሕር ተሻግሮ ጃፓን ደረሰ። የቡድኑ መሪ ሄንሪ ዳየር የተባለ የስኮትላንድ ተወላጅ ሲሆን ዕድሜው ገና 25 ዓመት አልሞላም ነበር። የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ገና ማጠናቀቁ ነው፤ ከዚያ በፊት ኮሌጅ መርቶ አያውቅም፤ ጃፓንንም አይቶ አያውቅም። የተሰጠው ሹመት ግን የአንድ ከፍተኛ የምሕንድስና ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርነትና የምሕንድስና ፕሮፌሰርነት ነበር። ያ ትምህርት ቤት ደግሞ በዚያን ዕለት ገና በሐሳብ ያለ እንጂ በሩን የከፈተ አልነበረም።

ስለ ጃፓን እድገት ብዙ ተጽፏል። አብዛኛው ጽሑፍ ስለ ፋብሪካዎቹ፣ ስለ ባቡር ሐዲዱና ስለ ጦር መርከቦቹ የሚያወሳ ሲሆን፣ ስለ መምህራኑ የሚባለው ግን ብዙውን ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልቃል፤ «የውጭ አገር ሰዎች አስተማሯቸው» ተብሎ ይታለፋል። ይሁን እንጂ የውጭ አገር መምህር መምጣቱ ብቻውን የሚያስደንቅ ነገር አይደለም፤ የውጭ አገር መምህር ያልረገጠው አገር የለምና። የጃፓኑን ጉዳይ ልዩ የሚያደርገው፣ መንግሥቱ መምህሩን ሲቀጥር የሚሰናበትበትን ቀን አብሮ አስቦ መቅጠሩና ትምህርት ቤቱንም በዚሁ ሐሳብ ላይ ማቆሙ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በተለይ ካልተገለጸ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በ1863 ቾሹ ከሚባለው ግዛት አምስት ወጣቶች በስውር ወደ እንግሊዝ አገር ተሳፈሩ። በዚያን ጊዜ ያለ መንግሥት ፈቃድ ከጃፓን መውጣት በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል ነበር። ከአምስቱ አንዱ በኋላ የጃፓን የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ኢቶ ሂሮቡሚ ነው። ሌላው ያማኦ ዮዞ ይባላል። ያማኦ ለንደን ጥቂት ከቆየ በኋላ በ1866 ወደ ግላስጎ ሄዶ፣ ቀን ቀን በክላይድ ወንዝ ዳር በኔፒየር የመርከብ ሥራ ድርጅት ከሠራተኞቹ ጋር ሲሠራ ይውልና ማታ ማታ በአንደርሰን ኮሌጅ የማታ ትምህርት ይከታተል ነበር። በዚያው ኮሌጅ ከነበሩት የማታ ተማሪዎች አንዱ፣ በግላስጎ በአንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ የሙያ ተለማማጅ የነበረው ሄንሪ ዳየር ነው። ሁለቱ በቅርብ አይተዋወቁም ነበር። ኑሯቸው ግን አንድ ነው፤ ቀን በእጅ፣ ማታ በመጽሐፍ። በኋላ በቶኪዮ የተቋቋመው ትምህርት ቤት መልኩን ከዚህ ከግላስጎው የማታ ክፍል ወስዷል ቢባል ከእውነት አይርቅም።

በ1868 የሾጉኖች አገዛዝ ወድቆ የሜጂ መንግሥት ከተተካ በኋላ፣ በ1870 የሥራ ሚኒስቴር ተቋቋመ። የባቡር ሐዲድ፣ የቴሌግራፍ፣ የማዕድንና የመርከብ ሥራ ሁሉ በዚህ ሚኒስቴር ሥር ሆነ። ሥራውን የሚመሩት ግን የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ከቶኪዮ ወደ ዮኮሃማ የተዘረጋውና በ1872 የተመረቀው 29 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሐዲድ ዋና መሐንዲሱ እንግሊዛዊው ኤድመንድ ሞረል ሲሆን፣ ሥራው ሳይፈጸም በ1871 ሞተ። በ1870ዎቹ አጋማሽ በመንግሥት የተቀጠሩት የውጭ አገር ሰዎች ቁጥር ከ500 በላይ ደርሶ ነበር።

በሚኒስቴሩ ከፍተኛ ባለሥልጣን የሆነው ያማኦ፣ የአገሩ ልጆች በምሕንድስና የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት ይከፈት ብሎ ሲነሣ፣ ኢንዱስትሪ በሌለበት አገር መሐንዲስ ምን ይሠራል የሚል ተቃውሞ ገጠመው። የያማኦ መልስ በጃፓን መሐንዲሶች ዘንድ ዛሬም ይነገራል፤ ዛሬ ኢንዱስትሪ ባይኖርም ሰው ከተዘጋጀ ኢንዱስትሪውን ራሱ ይፈጥረዋል የሚል ነበር። መልሱ ደፋር ነው። ይህንኑ ተማምነው ትምህርት ቤት የከፈቱ ሌሎች አገሮች፣ ዲፕሎማ ይዞ ሥራ ፍለጋ የሚዞር ምሩቅ ያተረፉበት ጊዜ ጥቂት አይደለምና። በጃፓን ፍሬ ያፈራውም መልሱ ራሱ ሳይሆን ከመልሱ ጋር አብሮ የመጣው አደረጃጀት ነው።

በ1872 ኢቶ ሂሮቡሚ ከታላቁ የኢዋኩራ መልእክተኛ ጓድ ጋር ብሪታንያ በደረሰ ጊዜ ለሚከፈተው ትምህርት ቤት መምህራን የሚያፈላልግለት ሰው ፈለገ። ጥያቄው በነጋዴው በሂዩ ማቴሰን አማካይነት ተላልፎ፣ በመጨረሻ በግላስጎ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ፕሮፌሰር ከነበረው ከዊልያም ራንኪን ዘንድ ደረሰ። ራንኪን የሙቀት ኃይል ሳይንስን ካቋቋሙት ሊቃውንት አንዱ እንደሆነ ለመሐንዲስ መንገር አያሻም። እሱም ስመ ጥር ሰው መርጦ በመላክ ፈንታ ተማሪውን ዳየርን አቀረበ። ራንኪን በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ስለሞተ የምርጫውን ውጤት አላየም።

ዳየር ጊዜ አላባከነም። የኮሌጁን ሙሉ የትምህርት መርሐ ግብር የጻፈው በጉዞው ላይ፣ በመርከቡ ውስጥ ነው። ቶኪዮ እንደደረሰ ለያማኦ አቀረበለት፤ ያማኦም አንድ ቃል ሳይለውጥ ተቀበለው። ይህን የሰማ ሰው የጃፓን መንግሥት ለባዕድ ሰው ሐሳብ ወዲያው የሚንበረከክ ነበር ብሎ እንዳያስብ ያስፈልጋል። ያማኦ መርሐ ግብሩን የተቀበለው ራሱ በግላስጎ የኖረበትን ሕይወት በወረቀት ላይ ስላገኘው ይመስላል።

በዚያ ዘመን ስለ መሐንዲስ ሥልጠና ሁለት ዓይነት አስተያየት ነበር። በእንግሊዝ አገር መሐንዲስ የሚሠራው በፋብሪካና በመስክ፣ ከጌታው እግር ሥር ሆኖ በመለማመድ ነው፤ ሒሳብና ሳይንስ እንደ ትርፍ ይቆጠሩ ነበር። በፈረንሳይና በጀርመን አገር ደግሞ በትልልቅ የቴክኒክ ትምህርት ቤቶች ንድፈ ሐሳቡ በጥልቀት ይሰጥና ተግባሩ ለኋላ ይተዋል። ዳየር ሁለቱን አንድ ላይ አዋሐደ። ትምህርቱ ስድስት ዓመት ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ለመሠረታዊ ትምህርት፣ ቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ለሙያው ትምህርት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት በሙሉ ለተግባር ሥራ ተመደቡ። የሙያ ክፍሎቹ ሲቪል ምሕንድስና፣ መካኒካል ምሕንድስና፣ ቴሌግራፍ፣ ሥነ ሕንፃ፣ ተግባራዊ ኬሚስትሪ፣ ማዕድንና የብረታ ብረት ሥራ ነበሩ። ለልምምድ የሚሆን ቦታ እንዳይጠፋም አካባኔ በተባለው ሰፈር የሚገኘው የመንግሥት የማሽን ፋብሪካ ለተማሪዎቹ ክፍት ሆነ። መንግሥት ያስተማረው ተማሪ ከተመረቀ በኋላ ሰባት ዓመት መንግሥትን የማገልገል ግዴታ ነበረበት።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። ኮሌጁ የተቋቋመው በትምህርት ሚኒስቴር ሥር ሳይሆን በሥራ ሚኒስቴር ሥር ነው። ሐዲድ የሚዘረጋው፣ ማዕድን የሚያስቆፍረውና የቴሌግራፍ ሽቦ የሚተክለው መሥሪያ ቤት ራሱ ተማሪውን ያሠለጥናል፤ ተማሪው ሲመረቅም የሚረከበው እሱው ነው። የምሩቁ የሥራ ቦታ ምሩቁ ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለ ይታወቃል። በዚያ የሥራ ቦታ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቀውም አብዛኛውን ጊዜ በከፍተኛ ደመወዝ የተቀጠረ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ነበር።

ተማሪዎቹ በአብዛኛው የሳሙራይ ልጆች ነበሩ። የአባቶቻቸው ማዕርግና ቀለብ በአዲሱ መንግሥት ስለተሻረ፣ ኩራታቸውን እንጂ ርስታቸውን ይዘው አልመጡም። ለእነዚህ ወጣቶች ዘይት የነካው ልብስ ለብሶ ከላቴ ማሽን ፊት መቆም ቀላል ነገር አልነበረም፤ በእጅ መሥራት የባለ እጅ ዕጣ እንጂ የጨዋ ልጅ ሥራ አይደለም ተብሎ ያደጉ ናቸውና። የባለ እጅ ንቀት በአገራችንም ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደኖረ ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። የስኮትላንዶቹ መምህራን ከዚህ ላይ ከማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ የበለጠ ጥቅም ሰጥተዋል፤ ርእሰ መምህሩ ራሱ ከፋብሪካ የወጣ ሰው ነበርና፣ ፕሮፌሰሩ እጅጌውን ሰብስቦ ሲሠራ ያየ ተማሪ ሰበብ አልነበረውም።

ትምህርቱ ይሰጥ የነበረው በእንግሊዝኛ ነው። የምሕንድስና ቃላት በጃፓንኛ ገና አልተፈጠሩም፤ መጽሐፍም አልነበረም። ተማሪው ንግግሩን በእንግሊዝኛ ያዳምጣል፣ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ የመመረቂያ ጽሑፉንም በእንግሊዝኛ ያቀርባል። ይህ ከባድ ሸክም ነበር፤ ለአስተዋይ ተማሪ የሚበቃውን ያህል ጊዜ ቋንቋው ወስዶበታል። ሆኖም ጃፓኖች ይህን እንደ ጊዜያዊ ድልድይ እንጂ እንደ ዘላቂ ሥርዓት አላዩትም።

ከመምህራኑ መካከል ዊልያም ኤርተን የቴሌግራፍና የፊዚክስ መምህር ነበር። ተማሪዎቹ በማየት ብቻ እንዲማሩ አልፈቀደም፤ የመለኪያ መሣሪያዎችን ራሳቸው እንዲሠሩ ያደርግ ነበር። በ1875 ጆን ፔሪ ሲጨመርለት፣ ሁለቱ በኮሌጁ የነበራቸው ቤተ ሙከራ በዘመኑ በአውሮፓ ከነበሩት ከብዙዎቹ የማያንስ ሆነ። በማርች 25 ቀን 1878 የማዕከላዊ ቴሌግራፍ ጽሕፈት ቤት መከፈትን ምክንያት በማድረግ በኮሌጁ አዳራሽ በተደረገው ግብዣ ላይ፣ ኤርተንና ተማሪዎቹ በባትሪ ኃይል አርክ የሚባለውን የኤሌክትሪክ መብራት አበሩ። መብራቱ ብዙ ሳይቆይ ጠፋ። ቢሆንም ጃፓን ዛሬም ማርች 25ን የኤሌክትሪክ ቀን አድርጋ ታከብራለች። በዚያ ዘመን የኤርተን ተማሪ የነበረው ፉጂኦካ ኢቺሱኬ በኋላ የቶኪዮ የኤሌክትሪክ መብራት ኩባንያን ካቋቋሙት፣ ለዛሬው ቶሺባም መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱ ሆኗል። ኤርተንና ፔሪ ደግሞ ወደ ለንደን ሲመለሱ በቶኪዮ የፈተኑትን የማስተማር ዘዴ በፊንስበሪ የቴክኒክ ኮሌጅ ሥራ ላይ አዋሉት። ሊያስተምር የሄደው ተምሮ ተመልሷል ማለት ነው።

ይኸው ሁኔታ በጆን ሚልንና በጆሳያ ኮንደር ላይ ይበልጥ ይታያል። ሚልን የማዕድንና የሥነ ምድር መምህር ሆኖ በ1876 የመጣው ሳይቤሪያን በየብስ አቋርጦ ነው። በ1880 በፌብሩዋሪ ወር ዮኮሃማን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ሐሳቡን ጨርሶ ለወጠው፤ በዚያው ዓመት የጃፓን የመሬት መንቀጥቀጥ ጥናት ማኅበር ሲመሠረት ዋናው ቀስቃሽ እሱ ነበር። ኮንደር የሥነ ሕንፃ መምህር ሆኖ በ1877 ሲመጣ በእንግሊዝ አገር የተማረውን የጡብ ሥራ ይዞ መጣ። የእንግሊዝ አገር ምድር ግን አይንቀጠቀጥም። በ1891 የኖቢ የመሬት መንቀጥቀጥ በአውሮፓ ዘዴ የተሠሩትን የጡብ ሕንፃዎች ባፈራረሰ ጊዜ፣ የመማሪያ መጽሐፉ የማያውቀው ምድር እንዳለ ለመምህሩም ለተማሪውም ግልጽ ሆነ። ኮንደር ከአገሩ ሠዓሊ ከካዋናቤ ኪዮሳይ ሥዕል የተማረ፣ በጃፓን አግብቶ በዚያው በ1920 የሞተ ሰው ነው።

ደመወዛቸው የሚያስደነግጥ ነበር። ዳየር በወር 660 የን ይከፈለው ነበር፤ በመንግሥቱ ከታላላቆቹ ባለሥልጣኖች አንዱ የሆነው ኢዋኩራ ቶሞሚ እንኳ የሚያገኘው 600 የን ነው። ጃፓኖች ይህን ያህል የከፈሉት ገንዘብ ተርፏቸው አይደለም። ውሉ ግን ግልጽ ነበር። መምህሩ የሚቀጠረው ለተወሰኑ ዓመታት ነው፤ ደመወዙን የሚከፍለው የጃፓን መንግሥት እንጂ የመምህሩ አገር መንግሥት አይደለም፤ ስለዚህም መምህሩ የሚታዘዘው ለቀጠረው ሚኒስቴር ነበር። በእርዳታ ስም የመጣ መምህር መሄጃውን የሚወስነው ላኪው ነው፤ በራስ ገንዘብ የተቀጠረ መምህር ግን መሄጃውን የሚወስነው ቀጣሪው ነው። ውድ መሆኑ ራሱ ቀጣሪውን እንዳይተኛ አድርጎታል፤ እያንዳንዱ የውል ዘመን ሲያልቅ ይህን ሰው የሚተካ ጃፓናዊ ደርሷል ወይ የሚለው ጥያቄ ይነሣ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ 23 ተማሪዎች በ1879 በኖቬምበር ወር ተመረቁ። ከእነዚህ ውስጥ 11 የሚሆኑት ለተጨማሪ ትምህርት ወደ ብሪታንያ ተላኩ። ሺዳ ሪንዛቡሮ በግላስጎ በዊልያም ቶምሰን ዘንድ፣ ማለትም በኋላ ሎርድ ኬልቪን በተባለው ሊቅ ዘንድ ተማረ። ታካሚኔ ጆኪቺ በኬሚስትሪ ታላቅ ስም አተረፈ። የኮንደር ተማሪ ታትሱኖ ኪንጎ ከለንደን ሲመለስ በ1884 የመምህሩን የኮንደርን ወንበር ተረከበ፤ በ1896 የተጠናቀቀው የጃፓን ባንክና በ1914 የተከፈተው የቶኪዮ ባቡር ጣቢያ የታትሱኖ ሥራዎች ናቸው። እነዚያው 23 ምሩቃን በተመረቁበት ወር ሌላም ነገር አድርገዋል። ተሰብስበው የመሐንዲሶች ማኅበር አቋቋሙ። ዛሬ የጃፓን የምሕንድስና ማኅበራትን ሁሉ የሚያስተባብረው ድርጅት የትውልድ ዘመኑን የሚቆጥረው ከዚያ ስብሰባ ነው።

የትምህርቱ ሚዛን ግን የታየው በኪዮቶ ነው። ቤተ መንግሥቱ በ1869 ወደ ቶኪዮ ከተዛወረ ወዲህ ኪዮቶ እየደኸየች ሄዳለች። አገረ ገዢው ኪታጋኪ ኩኒሚቺ የቢዋን ሐይቅ ውኃ ተራራ አስበስቶ ወደ ከተማዋ ለማምጣት ፈለገ። ታናቤ ሳኩሮ የተባለ የኮሌጁ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ያዘጋጀው በዚሁ የቢዋ ቦይ ላይ ነበር። በጥናቱ ጊዜ ቀኝ እጁን ስለተጎዳ ሥዕሎቹን የሠራው በግራ እጁ ነው። በ1883 ሲመረቅ አገረ ገዢው ቀጠረው፤ ሥራው በ1885 ተጀመረ። ረጅሙ ዋሻ 2,436 ሜትር ነበር፤ ሥራውን ለማፋጠንም ከተራራው አናት ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ ጉድጓድ ተቆፍሮ ከመካከልም ወደ ሁለቱም አቅጣጫ እንዲቆፈር ተደረገ። ይህ በጃፓን የዋሻ ሥራ የመጀመሪያው ነው። አንድም የውጭ አገር መሐንዲስ ሥራውን አልመራም። ታናቤ በ1888 ወደ አሜሪካ ሄዶ የውኃ ኃይል ሥራን ተመልክቶ ሲመለስ፣ በቦይው ዳር የውኃ መዘውር ለመትከል የነበረውን ዕቅድ ትቶ ኤሌክትሪክ እንዲመነጭ አደረገ። ቦይው በ1890 ተመረቀ፤ የኬያጌ ኃይል ማመንጫ በ1891 ሥራ ጀመረ፤ በ1895 በጃፓን የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ የከተማ ባቡር በኪዮቶ ተንቀሳቀሰ። ታናቤ በሥራው ላይ ሕይወታቸውን ላጡት ሠራተኞች በ1902 በራሱ ገንዘብ የመታሰቢያ ድንጋይ አስተክሏል።

መምህራኑ በየተራ ሄዱ። ኤርተን በ1878፣ ፔሪ በ1879፣ ዳየር በ1882 ተሰናበቱ። ሁሉም አልሄዱም፤ የኬሚስትሪው መምህር ኤድዋርድ ዳይቨርስ በ1884 በቤተ ሙከራ ፍንዳታ የአንድ ዓይኑን ብርሃን ካጣ በኋላም እስከ 1899 በጃፓን ቆይቷል። ኮሌጁ ራሱም ዕድሜው አጭር ነበር። መንግሥት ወጪውን ለመቀነስ ሲል የሥራ ሚኒስቴርን በ1885 መጨረሻ አፈረሰ፤ በ1886 ኮሌጁ ከቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተዋሕዶ የንጉሠ ነገሥታዊው ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ፋኩልቲ ሆነ። እስከዚያ ድረስ የተመረቁት 211 ብቻ ናቸው። ከውሕደቱ በኋላ ንድፈ ሐሳቡ እየከበደ፣ የሁለቱ ዓመት የተግባር ሥራ እየቀለለ መሄዱ የዳየርን ዕቅድ ለሚያደንቅ ሰው የሚያሳዝን ነው።

ኢትዮጵያውያን ይህን ታሪክ ዘግይተው አልሰሙትም። በ1923 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ አርአያ የሆነው የ1889ኙ የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር፤ የዚያ ሕገ መንግሥት ዋና አርቃቂም ያው ለኮሌጁ መምህራን ፍለጋ ለንደን የሄደው ኢቶ ሂሮቡሚ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተሰኘውን መጽሐፋቸውን አሳትመዋል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የምሕንድስና ኮሌጅም የእንግሊዝኛ መጠሪያው ከቶኪዮው ጋር አንድ ነበር። በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የተቋቋመው የሕንፃ ኮሌጅም በርካታ መሐንዲሶች አፍርቷል። ልዩነቱ የመምህራኑ ትጋት አይደለም፤ ከስዊድን የመጡት መምህራን ከስኮትላንዶቹ አላነሱም። ልዩነቱ ያለው፣ የምሩቁን የሥራ ቦታና የመምህሩን መሰናበቻ ቀን አብሮ የሚያስብ አንድ መሥሪያ ቤት በመኖሩና ባለመኖሩ ላይ ነው።

ዳየር አገሩ ሲመለስ የጠበቀው አቀባበል ከጃፓኑ ጋር የሚመሳሰል አልነበረም። የጃፓን ንጉሠ ነገሥት የፀሐይ መውጫ ኒሻን ሸልሞታል፤ በአገሩ ግን የጠየቀውን የፕሮፌሰርነት ወንበር ተከለከለ። ዘጠኝ ዓመት በባዕድ አገር ማስተማር ለአገሩ ዩኒቨርሲቲዎች እንደ ልምድ አልተቆጠረለትም። ቀሪ ዕድሜውን በግላስጎ ለቴክኒክ ትምህርት መስፋፋት በመድከምና ስለ ጃፓን በመጻፍ አሳለፈ፤ በ1918 ሞተ። ጃፓናውያን ተማሪዎች ወደ ግላስጎ መምጣታቸውን አላቋረጡም። በ1901 የግላስጎ ዩኒቨርሲቲ ከእነዚህ ተማሪዎች ለአንዱ በመግቢያ ፈተናው በፈረንሳይኛ ወይም በጀርመንኛ ፈንታ በራሱ ቋንቋ በጃፓንኛ እንዲፈተን ፈቀደለት፤ በጉዳዩም የዳየር ድጋፍ ነበረበት። የጃፓንኛ ፈታኝ ሆኖ የተሾመው በዚያን ጊዜ ለንደን ውስጥ በመንግሥት ወጪ ይማር የነበረ፣ በኋላ ሶሴኪ በሚል የብዕር ስሙ ከጃፓን ታላላቅ ደራስያን አንዱ የሆነው ናትሱሜ ኪንኖሱኬ ነበር።